ስለ ጄኔ ከተማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ታሪኳ፣ ጭቃዋና ገበያዋ

ጄኔን ብዙ ሰው የሚያውቃት በአንድ ፎቶ ነው፤ ያ ከጭቃ የተሠራ፣ እንጨት ከግድግዳው የወጣበት ትልቅ መስጊድ። ስለ ከተማዋ በብዛት የሚነሡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጄኔ የት ናት? ወንዟስ የትኛው ነው?

ማሊ መሀል ላይ ናት። ከዋና ከተማዋ ከባማኮ በመኪና 570 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሞፕቲ ደግሞ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ብዙ ጽሑፍ «ኒጀር ወንዝ ዳር ያለች ከተማ» ይላታል፤ አባባሉ ትንሽ ይስታል። ጄኔን የሚያጠጣት ባኒ ነው። ባኒ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወርዶ ሞፕቲ ላይ ከኒጀር ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ወንዞች ከመገናኘታቸው በፊትም በኋላም ሜዳውን እያጥለቀለቁ ከባሕር የራቀ ሰፊ ዴልታ ይሠራሉ። ጄኔ የተቆረቆረችው በዚህ ዴልታ ደቡባዊ ክፍል፣ ከሜዳው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው።

ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። የወንዙ ሙላት ግን ከዝናቡ ዘግይቶ ይደርስና ዝናቡ ካባራ በኋላም ይቆያል። በሙላቱ ወራት ከተማዋ ደሴት ትሆናለች፤ መግቢያው አንድ በአፈር የተደለደለ መንገድ ብቻ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የመጣ ሰው ግን የተሰነጣጠቀ ሜዳና አቧራ እንጂ ደሴት አያይም። በበጋና በሙላት የተነሡ ፎቶዎች የሁለት የተለያዩ ከተሞች የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ዕድሜዋ ስንት ነው?

መጀመሪያ ሁለቱን ጄኔዎች መለየት ያስፈልጋል። ዛሬ ሰው ከሚኖርባት ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጄኔ ጄኖ የሚባል ጉብታ አለ። ሮድሪክና ሱዛን ማኪንቶሽ የተባሉ አርኪዮሎጂስቶች ከ1977 ጀምሮ ቆፍረውታል። ሰው የሰፈረበት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ250 አካባቢ ሲሆን ባዶ የሆነው በ1400 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በደመቀበት ዘመን 33 ሄክታር ይሸፍን ነበር፤ ዙሪያውንም 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የጭቃ ጡብ ግንብ ነበረው።

የቁፋሮው ትልቁ ፋይዳ አንድ የቆየ ግምት ማፍረሱ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ከተማና የሩቅ ንግድ የተጀመሩት ከሰሜን የመጡ የዓረብ ነጋዴዎች ሰሐራን ካቋረጡ በኋላ ነው ይባል ነበር። ጄኔ ጄኖ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ቀድማ ትልቅ ሰፈር ሆናለች። ማስረጃው ከመሬቱ ይጀምራል። በዚያ ደለል ሜዳ ላይ የብረት ማዕድን የለም፤ ለወፍጮ የሚሆን ድንጋይም የለም። ቁፋሮው ግን የብረት ዝቃጭም፣ የወፍጮ ድንጋይም፣ በኋላ ደግሞ መዳብና ወርቅ አወጣ። ሁሉም ከሩቅ የመጣ ነው ማለት ነው። ለልውውጡ የሚሆነው ሩዝና ዓሣ ደግሞ ከደጃቸው ነበር። ሩዙ ከእስያ የመጣው ሳይሆን በምዕራብ አፍሪካ የለመደው የአፍሪካ ሩዝ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ፦ ቤተ መንግሥት አልተገኘም። ከሌሎቹ ሁሉ የገዘፈ የንጉሥ መቃብርም የለም። ጉብታው ለብቻው አይደለም፤ በዙሪያው በርካታ ጉብታዎች ተቀራርበው ይገኛሉ። አጥኚዎቹ ይህን ሲያዩ፣ የሙያ ማኅበረሰቦች አንዱ በሌላው ላይ ሳይነግሥ ተጎራብተው የኖሩበት ከተማ ነው ብለው ደምድመዋል። ዩኔስኮ በ1988 «የጄኔ ጥንታዊ ከተሞች» ብሎ የመዘገበው የዛሬዋን ከተማና አራት የአርኪዮሎጂ ቦታዎችን አንድ ላይ ነው፤ እነሱም ጄኔ ጄኖ፣ ሃምባርኬቶሎ፣ ካንያና እና ቶኖምባ ናቸው።

ከቲምቡክቱ ጋር ምን አገናኛት?

ጨውና ወርቅ። ቲምቡክቱ የበረሃው በር ናት፣ ጄኔ ደግሞ የእርሻውና የጫካው። ከሰሐራ የሚወጣው ጨው በአሞሌ ተቆርጦ፣ አንድ ግመል አራት አሞሌ ተሸክሞ ቲምቡክቱ ይደርሳል። ከዚያ በታንኳ ተጭኖ በውሃው መንገድ ወደ ጄኔ ይወጣል። አንዱ አሞሌ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ጄኔ ላይ ተሰብሮ በአህያና በሰው ሸክም ወደ ደቡብ ይቀጥላል። ከደቡብ ወርቅና ኮላ ፍሬ ይመጣል። ቲምቡክቱ በአሸዋ ላይ ስለተቀመጠች እህሏን የምታገኘው ከዚሁ ዴልታ ነበር።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጄኔ ኢማም የነበረው ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አስ ሰዕዲ ከተማዋን ከታላላቅ የሙስሊም ገበያዎች አንዷ ይላታል፤ የጨው ነጋዴና የወርቅ ነጋዴ የሚገናኙባት። ቅፍለቱ ወደ ቲምቡክቱ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው በጄኔ ምክንያት ነው ብሎም ጽፏል። የጄኔ ኢማም ነበርና ትንሽ ቢያጋንን አይፈረድበትም፤ የንግዱ አካሄድ ግን እሱ እንዳለው ነው።

እስልምና መቼ ገባ? ከተማዋንስ እነማን ገዟት?

በከተማዋ ትውፊት የሰለመው የመጀመሪያው ገዥ ኮይ ኮንቦሮ ነው፤ ጊዜው ብዙውን ጊዜ 13ኛው ክፍለ ዘመን ይባላል። ቤተ መንግሥቱን አፍርሶ በቦታው መስጊድ ሠራ ይባላል። አስ ሰዕዲ በሥርዓቱ ላይ 4,200 ዑለማዎች (የእስልምና ሊቃውንት) ተሰበሰቡ ይላል፤ ቁጥሩን እንደ ክብር መግለጫ መውሰድ ይሻላል።

ጄኔን መያዝ ቀላል አልነበረም፤ ውሃው አጥሯ ነው። የማሊ ነገሥታት 99 ጊዜ ሞክረው አልቻሉም የሚል ትውፊት አለ። የሶንጋዩ ንጉሥ ሱኒ ዓሊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ያዛት። ከበባው ሰባት ዓመት፣ ከሰባት ወር፣ ከሰባት ቀን ፈጀ ሲባል ይሰማል። እሱም የትውፊት ቁጥር ነው። ከተማዋን ያስከፈተው ረሀብ እንደሆነ ግን ትረካዎቹ ይስማማሉ። ውሃ ጠላትን እንደሚከለክል ሁሉ እህልንም ይከለክላል።

በ1591 የሞሮኮ ጦር ሶንጋይን ከጣለ በኋላ ጄኔ በእነሱ እጅ ወደቀች፤ ቀጥሎ የሴጉ ባምባራዎች ጫና መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የማሲናው የፉላኒ ሃይማኖታዊ መሪ ሴኩ አማዱ ያዛት። በ1862 የኡመር ታል ጦር ማሲናን አሸነፈ። በ1893 ፈረንሳዮች በኮሎኔል አርሺናር መሪነት ገቡ። ፈረንሳዮች የንግዱን ማዕከል ወደ ሞፕቲ ሲያዞሩ ጄኔ ቀዘቀዘች። አሮጌው መልኳ ሳይለወጥ የቆየው በከፊል በዚህ መቀዝቀዝ ነው።

ታላቁ መስጊድ 800 ዓመቱ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ቦታው እንጂ ሕንጻው አይደለም። ዛሬ የሚታየው በ1906 እና 1907 የተሠራ ነው።

የኮይ ኮንቦሮ መስጊድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆሞ ነበር። ሴኩ አማዱ ጄኔን ሲይዝ የከተማዋ ሃይማኖታዊ ኑሮ ላልቷል፣ መስጊዱም ከልክ በላይ አጊጧል አለ። ይሁንና መስጊድ ማፍረስ ነውር ነው። ስለዚህ አላፈረሰውም፤ ዘጋው፣ ጥገናውንም አስቆመ። አሸንዳዎቹን አስደፈነ፣ የቀረውን ዝናቡ ሠራው የሚል ትረካም አለ። የጭቃ ቤትን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጣሪያ ላይ የታጎረ ውሃ ከመዶሻ የባሰ ነው። በ1828 ጄኔ የደረሰው ፈረንሳዊ ተጓዥ ረኔ ካዬ ያየው ሁለት ማማ ያለው፣ ሰው የተወው፣ ወፎች ጎጆ የሠሩበት ፍርስራሽ ነበር።

ሴኩ አማዱ በ1834 እና 1836 መካከል ከአሮጌው በስተምሥራቅ ማማ የሌለው ዝቅ ያለ መስጊድ አሠራ። ፈረንሳዮች ሲመጡ ያ ፈርሶ ቦታው ለትምህርት ቤት ዋለ፤ በአሮጌው ፍርስራሽ ላይ ደግሞ አዲሱ መስጊድ ተነሣ። ሥራውን የመራው የከተማዋ ግንበኞች ማኅበር አለቃ ኢስማኢላ ትራኦሬ ነው። ጉልበቱ በከፊል በግዴታ ሥራ የተገኘ ነው። ሦስቱ ማማዎች በእኩል ርቀት መደርደራቸውን አይተው የፈረንሳይ እጅ አለበት የሚሉ አሉ። ግንበኞቹና ቴክኒኩ የጄኔ ናቸው፤ ክርክሩ ያለው ስለ ንድፉ ነው። በነገራችን ላይ ፈረንሳይ አገር ፍሬዡስ በምትባል ከተማ በ1930 የተጠናቀቀ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ቅጂው ቆሟል፤ ለምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ተብሎ የተሠራ ነው።

ሕንጻው ምን ምን ክፍሎች አሉት?

ሙሉው ሕንጻ 75 ሜትር በ75 ሜትር ገደማ በሆነ፣ ከገበያው ሜዳ 3 ሜትር ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጧል። መደቡ ለግርማ ብቻ አይደለም፤ የባኒ ሙላት መሠረቱን እንዳይነካው ነው። ወደ ገበያው የሚያየው የቂብላ (የስግደት አቅጣጫ) ግድግዳ ሦስት ማማዎችና 18 ድጋፍ ምሰሶዎች አሉት። በማማዎቹ ጫፍ የሰጎን እንቁላል ተሰክቷል፤ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ የምናውቀው ያው የሰጎን እንቁላል መሆኑ ነው።

ውስጡ በ90 ወፋፍራም የጭቃ ምሰሶዎች የተሞላ ስለሆነ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው። አግዳሚ እንጨቱ ረጅም ስለማይሆን ምሰሶዎቹን ማቀራረብ ግድ ነበር። በጣሪያው ላይ ክዳን ያላቸው የሸክላ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማታ ተከፍተው የሞቀውን አየር ያስወጣሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ይደፈናሉ።

ከግድግዳው የሚወጡት እንጨቶች ቶሮን ይባላሉ። የዘንባባ ዘር ከሆነ ዛፍ የሚቆረጡ ናቸው፤ የዛፉ ሳይንሳዊ ስም ቦራሰስ ኤቲዮፐም ሲሆን እኛም አገር ጋምቤላ አካባቢ ይበቅላል። የተመረጠው ምስጥ ቶሎ ስለማይበላው ነው። በየዓመቱ ለምርጊት የሚወጡ ግንበኞች የሚረግጡት እነዚህን እንጨቶች ነው፤ መወጣጫው የሕንጻው አካል ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

ጭቃ ሆኖ ሳለ ዝናቡ እንዴት አያፈርሰውም?

ያፈርሰዋል። እንዳይፈርስ ነው በየዓመቱ የሚመረገው። የሚበላው የላይኛው ልባስ ነው፤ ልባሱ እስከታደሰ ድረስ ከስር ያለው ጡብ ደረቅ ይቆያል።

የጭቃ ሕንጻን የሚጥሉት የታወቁ ናቸው። ዋናው አሸንዳ ነው። ውሃ ከጣሪያ የሚወርድባቸው የሸክላ አሸንዳዎች ከግድግዳው ራቅ ብለው መውጣት አለባቸው። አንዱ ከተሰበረ ወይም በወፍ ጎጆ ከተደፈነ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ በአንድ ክረምት ቦይ ይቆፍራል። ሁለተኛው የግድግዳው እግር ነው፤ እርጥበት ከመሬት ሲወጣና የዝናብ ፍንጣሪ ሲመታው ከታች ይቦረቦራል፣ ከላይ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ምስጥ ደግሞ አግዳሚ እንጨቱን ከውስጥ ይበላል። ያልተጠበቀው ጠላት ራሱ ጥገናው ነው፦ በጣሪያና በግድግዳ ላይ ለአሥርታት የተደራረበ ምርጊት ክብደት ይሆናል። በኅዳር 2009 ያለ ወቅቱ ከባድ ዝናብ ጥሎ ከሦስቱ ማማዎች የደቡቡ በከፊል ተደረመሰ። በዚያን ጊዜ ሕንጻው በአጋ ኻን የባህል ተቋም ዕድሳት ላይ ነበር፤ ዕድሳቱ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ የተከመረውን አሮጌ ጭቃ ማንሣት ነው።

ያ ዕድሳት ሲጀመርም ቀላል አልነበረም። በ2006 ባለሙያዎች ጣሪያውን ሊመረምሩ ሲወጡ የከተማው ሰው ተቆጥቶ ግርግር ተነሣ። መስጊዱ የሚጠገነው በእኛ እጅ ነው የሚል ስሜት ነበረበት፤ ያን ሳያስረዱ ጣሪያ ላይ መውጣት የሚያመጣው ይህንኑ ነው።

የምርጊቱ ቀን እንዴት ይከናወናል?

ቀኑ የተቆረጠ አይደለም። ግንበኞችና ሽማግሌዎች ተመካክረው ይወስናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ይሆናል። ሲወሰን የሚታየው ወንዙ ነው፦ ጭቃ ለመቆፈር ውሃው መጉደል አለበት፣ ለማቡካት ደግሞ ውሃ መኖር አለበት።

ሥራው ከሳምንታት በፊት ይጀመራል። ጭቃው ከወንዙ ዳር ተቆፍሮ ይመጣና በገበያው ሜዳና በየሰፈሩ በተዘጋጁ ጉድጓዶች ይጨመራል። የሩዝ ገለባ ይቀላቀልበታል፣ ውሃ ይሞላል፣ ይተዋል። ልጆች ገብተው ይረግጡታል፤ ለእነሱ ጨዋታ ነው፣ ለጭቃው ግን ማሸት። ሳምንታት ሲቆይ ገለባው ይበሰብሳል፣ ጭቃው ይቦካል፣ ይሸታል፣ ይለጠጣል። በደንብ የቦካ ጭቃ በጣት መካከል ሲታሽ እንደ ሙጫ ይያያዛል። ያልቦካው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ገለባ ያነሰበት በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተለጠፈ ደግሞ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሳስ አድርጎ፣ በእጅ እየተጫኑ ነው የሚለጠፈው።

ዋዜማው ላይ ወጣቱ አይተኛም፤ ከበሮና ዘፈን ያድራል። ሲነጋ ጸሎት ተደርጎ ምልክቱ ይሰጣል። የየሰፈሩ ወጣቶች ጭቃ በቅርጫት ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ማን ቀድሞ ግድግዳው ይደርሳል የሚለው የሰፈር ክብር ነው። ሴቶችና ልጃገረዶች ከወንዙ ውሃ ያመላልሳሉ። ግንበኞቹ በረጃጅም መሰላሎች ወጥተው ከቶሮን ወደ ቶሮን ይሻገራሉ፣ የሚቀበሉትን ጭቃ በመዳፋቸው ያለሰልሳሉ። ትልልቆቹ ግንበኞች አደባባዩ ላይ በክብር ተቀምጠው «እዚያ ጋ ቀረ» እያሉ ይመለከታሉ። ፀሐይ ሳይከር የሚያልቅ ሥራ ነው። ጭቃ ያልተቀባ ሰው አይተርፍም፤ እንግዳም ቢሆን።

ባሬይ ቶን ምንድን ነው?

የግንበኞች ማኅበር ነው። መስጊዱን ብቻ ሳይሆን የከተማውን ቤት ሁሉ የሚሠሩት አባላቱ ናቸው። አንድ ቤተሰብ የራሱ ግንበኛ ቤተሰብ አለው፤ ግንኙነቱ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ልጁ ጭቃ በመሸከም ይጀምራል፣ ጡብ ማቀበል ይከተላል፣ ግድግዳ መደርደር የሚፈቀድለት በመጨረሻ ነው። ከሙያው ጋር የቁርዓን ጥቅስና ከዚያም የቆየ የጥበቃ ቃል ይማራል። ቤት ሲሠራ እህል መሠረቱ ላይ መበተን የተለመደ ነው።

ጡቡም ታሪክ አለው። የድሮው ጄኔ ፌሬይ ይባላል፤ በእጅ የተድቦለቦለ ጡብ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨት ቅርጽ የሚመታው ባለ አራት ማዕዘን ጡብ ተካው፤ ስሙም ቱባቡ ፌሬይ፣ የፈረንጅ ጡብ። መደርደሩ ይፈጥናል፤ የድሮውን በደንብ የሚሠራ ግን እያነሰ ሄደ።

ለምን በሲሚንቶ አይለስኑትም?

ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይሠሩም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን አይንቀሳቀስም። በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ በስንጥቁ የገባ ውሃ መውጫ አጥቶ ውስጡን ያላሽቀዋል። ውጭው ቆሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ግድግዳ አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል።

ነዋሪው ይህን አጥቶት አይደለም፤ ጥያቄው የገንዘብ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ድርቅ ሙላቱ ሲቀንስ ሩዙም ቀነሰ፣ ገለባውም ተወደደ። ገለባ ያነሰበት ምርጊት ቶሎ ያልቃል፣ ባለቤቱ ደጋግሞ ያስመርጋል፣ ግንበኛው ይከፈላል፣ እህል ይቀርባል። ይህ ያማረረው ሰው የፊት ግድግዳውን በተተኮሰ የሸክላ ንጣፍ ማልበስ ጀመረ። ንጣፉም የሲሚንቶውን ያህል ባይሆን እርጥበት ያፍናል፣ የቤቱንም ገጽታ ይሸፍናል፤ የቅርስ ጠባቂዎች የሚቃወሙት ለዚህ ነው። ከ1996 ጀምሮ በኔዘርላንድስ ድጋፍ ብዙ ቤቶች በአሮጌው ዘዴ ታድሰዋል። ለቤቱ ባለቤት የገለባና የጉልበት ድጎማ ሳይሰጡ «እንዳትነካው» ማለት ግን ትርጉም የለውም። የጄኔ ቅርስ በሙላቱና በሩዙ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በባኒ ላይ እንደ ታሎ ያሉ ግድቦች ሲሠሩ የታችኛው ተፋሰስ ሰው የሰጋውም ለዚህ ነው።

በውስጥ ቤቶቹ ምን ይመስላሉ?

አብዛኞቹ የደህና ነጋዴ ቤቶች ባለ አንድ ፎቅ ናቸው፤ ግቢው መሀል ላይ ነው፣ የፊት ግድግዳው ጫፍ ላይ ሾጣጣ ጉጦች ይደረደራሉ። መጸዳጃው ፎቅ ላይ ሆኖ ረጅም ጉድጓድ በግድግዳው ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደረቅ ስለነበር ለዘመናት አላስቸገረም። ችግሩ የመጣው በ1980ዎቹ የቧንቧ ውሃ ሲገባ ነው። ውሃው ገባ፣ ማስወገጃው አልተሠራም። የእጣቢ ውሃ ጠባብ መንገዶቹ ላይ ተኛ፣ የግድግዳውንም እግር ማራስ ጀመረ።

እነማን ይኖሩባታል? በምን ቋንቋ ይግባባሉ?

የከተማዋ ቋንቋ ጄኔ ቺኒ ነው፤ የሶንጋይ ዘር ነው። ቦዞዎች የውሃው ሰዎች ናቸው፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በየት መቼ መረብ ይጣላል የሚለውን የሚወስን የውሃ አባት አላቸው። ሶሞኖዎችም በወንዙ ይኖራሉ። ፉላኒዎች ከብት ያረባሉ። ባምባራዎች ያርሳሉ። ባምባራ የአገሪቱ ትልቁ መግባቢያ ስለሆነ ሁሉም ይሰማዋል።

ሦስቱ ሙያዎች በአንድ ሜዳ ላይ ይፈራረቃሉ፦ ሲሞላ ዓሣ፣ ሲጎድል ሩዝ፣ ሲደርቅ ግጦሽ። ከብቱ ሩዙ ሳይታጨድ ከገባ ጠብ ነው። የፉላኒ ከብቶች ከበረሃው ዳር ተመልሰው ዲያፋራቤ በተባለ ቦታ ወንዝ የሚሻገሩበት በዓል ቀኑ በስምምነት የሚቆረጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዩኔስኮም በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

የሰኞ ገበያ ላይ ምን ይሸጣል?

ሰኞ ጠዋት የመስጊዱ ፊት ለፊት ሜዳ ይሞላል። ከየመንደሩ በአህያ ጋሪና በታንኳ ይመጣሉ። የፉላኒ ሴቶች ወተትና እርጎ በቅል ይዘው ይቀመጣሉ፤ ቅሉ ላይ ክብ የገለባ ክዳን አለ። የቦዞ ሴቶች የተጨሰና የደረቀ ዓሣ ይሸጣሉ። ሩዝ፣ ማሽላ፣ የሺያ ቅቤ፣ የዶጎን ሽንኩርት ተወቅጦ በድቡልቡሉ፣ ለወጥ የሚገባ የቦካ የሱምባላ ቅመም፣ የጨው አሞሌ ስባሪ አለ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ይበተናል። ማክሰኞ የደረሰ እንግዳ ባዶ ሜዳ ያያል።

ሙስሊም ያልሆነ ሰው መስጊዱ ውስጥ ይገባል?

አይገባም። በ1996 በመስጊዱ የፋሽን ፎቶ ከተነሣ በኋላ ተከልክሏል። ከአጎራባች ቤት ሰገነት ላይ ለማየት ባለቤቱን መጠየቅና ትንሽ ገንዘብ መስጠት የተለመደ ነው።

በጄኔ የብራና ጽሑፎች አሉ?

በወረቀት ላይ የተጻፉ የዓረብኛ ጽሑፎች በብዛት አሉ፤ የቁርዓን ትምህርት ቤቶቿ አሁንም ከሩቅ ደቀ መዛሙርት ይስባሉ። ሕግ፣ ሰዋስው፣ ጸሎት፣ የክታብና የጥበቃ ጽሑፍ ይገኝባቸዋል፤ ከቲምቡክቱ ይልቅ የክታቡ ድርሻ ጎላ ይላል። የቤተሰብ ንብረት ናቸው፤ በሣጥን ይቀመጣሉ፣ የሚጎዳቸው የሚያፈስ ጣሪያና ምስጥ ነው። ከ2009 ጀምሮ በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹ በዲጂታል ፎቶ ተነሥተዋል። ባለቤቱ ቤተሰብ ባለቤትነቱን እንደያዘ ነው የሚያስቀምጠው።

አሁን መሄድ ይቻላል?

ለጉብኝት አንመክርም። ከ2012 ቀውስ በኋላ የታጠቁ ቡድኖች ወደ ማዕከላዊ ማሊ ዘልቀዋል፣ መንገዱ አደገኛ ነው፤ ዩኔስኮ ጄኔን በ2016 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ያስገባት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በሰላሙ ዘመን መንገዱ ይህ ነበር፦ ከባማኮ ሞፕቲ ጎዳና ተገንጥሎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ባኒ ላይ መኪና በሚያሻግር ጀልባ ይሻገራል። ቱሪስቱ ሲቀር አስጎብኚው፣ ሆቴሉና የእጅ ባለሙያው አብረው ከስረዋል።

«የጄኔ ሸክላ» እየተባለ የሚሸጠውን ምስል ልግዛ?

አይግዙ። ተንበርክከው የተቀመጡ፣ እባብ የተጠመጠመባቸው ሰዎች የሚያሳዩት ጥንታዊ ምስሎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከጉብታዎቹ በድብቅ ተቆፍረው ወደ አውሮፓና አሜሪካ ወጥተዋል። ማሊ በ1985 ያለ ፈቃድ መቆፈርና ማውጣትን በሕግ ከለከለች፤ አሜሪካም በ1993 ከአካባቢው የሚመጡትን ማስገባት አገደች። ስለዚህ አሜሪካ ያለ አንባቢ ገዝቶ ቢያስገባ ሊወረስበት ይችላል። ገበያ ላይ ካለው ብዙው ደግሞ አስመስሎ የተሠራ ነው። «ዕድሜው በላቦራቶሪ ተመርምሯል» የሚል ወረቀትም ብዙ አያሳምን፤ አስመሳዮቹ የአሮጌ ገል ስብርባሪ ከአዲስ ሸክላ ጋር ይገጥማሉ፣ ናሙናውም ከአሮጌው ላይ ይወሰዳል። አንድ ምስል ከጉድጓዱ ያለ መዝገብ ከወጣ በኋላ ከምን ጋር እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም።

ቦጎላን እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይታጠባል?

ቦጎላን በጭቃ የሚሳልበት የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ይህን ያለ ስጋት መግዛት ይቻላል። ወንዶች በጠባብ ሸማ መሥሪያ የሠሩት የጥጥ ጥብጣብ ተሰፍቶ ሰፊ ጨርቅ ይሆናል። ንጋላማ የሚባል ዛፍ ቅጠል ተዘፍዝፎ ወይም ተቀቅሎ ጨርቁ ይነከርበታል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ቢጫ ይሆናል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን ነው ቀለሙን የሚይዘው። ከዚያ ከኩሬ ግርጌ የወጣ፣ በእንስራ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ብረት የበዛበት ጭቃ በእንጨት ወይም በብረት ማንኪያ ይሳልበታል። የጭቃው ብረትና ታኒኑ ሲገናኙ ጥቁር ይወጣል። ደርቆ ሲታጠብ ጭቃው ይሄዳል፣ ጥቁሩ ይቀራል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተቀባ ግራጫ ነው፤ ጥሩው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ነጭ መሆን ያለበት ቦታ በጠንካራ ሳሙና ይነጣል።

ሲገዙ ጥቁሩን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ያሹት፤ ብዙ ከለቀቀ ወይ ማጠቡ ተዘሏል ወይ የፋብሪካ ቀለም ነው። ቤት ውስጥ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠብ፣ ጥላ ላይ ይሰጣ። በረኪና ፈጽሞ አይንካው። ቀለሙን ያጸናል ብለው ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የሚጨምሩ አሉ፤ አሲድ የብረቱንና የታኒኑን ጥቁር ይፈታዋል፣ ጨርቁም ይደበዝዛል።